ከወሊድ በኋላ ያሉት ቀኖች፤ አራስን የአደጋ ምልክት የማስተማር ታሪክ

በአገራችን አንዲት እናት በሰላም በተገላገለች ጊዜ ዘመድና ጎረቤት ወደ ቤቷ ገብቶ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። ይህ ሰላምታ ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን የወረስነው እጅግ ያማረ ሰላምታ ነው። ነገር ግን አነጋገሩን ልብ ብለን ብንመለከተው፥ ጭንቁ ከምጡ ጋር እንዳለፈ፥ አደጋውም ልጁ በተወለደበት ሰዓት እንደ ቀረ የሚያስቈጥር ሐሳብ በውስጡ እናገኛለን። የሕክምና ታሪክ የሚያስረዳን ግን ሌላ ነው። በወሊድ ምክንያት ከሚሞቱት እናቶች መካከል ብዙዎቹ የሚሞቱት በምጥ ላይ ሳሉ ሳይሆን ከተገላገሉ በኋላ ነው፤ ይልቁንም የመጀመሪያው 24 ሰዓትና ከዚያ የሚቀጥለው ሳምንት እጅግ የከፉ ናቸው። እልልታው ሳይበርድ፥ ገንፎው ከምድጃው ሳይወርድ ሞት የሚገባበት ቤት ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ፥ አራሲቱ ራሷ የአደጋውን ምልክት ታውቅ ዘንድ የማስተማር ሐሳብ ከየት እንደ ተነሣ፥ በማን በማን እጅ እንዳለፈ፥ ወደ ባለጉዳዪቱ ለመድረስም ስለ ምን ይህን ያህል እንደ ዘገየ ለማሳየት እንሞክራለን። ዘመኑን የምንቈጥረው፥ ሌላ መሆኑን ካላመለከትን በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ነገሩን ከቪየና ከተማ እንጀምር። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል ውስጥ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። አንደኛው የሕክምና ተማሪዎች የሚማሩበት፥ ሁለተኛው አዋላጆች የሚሠለጥኑበት ነበር። እናቶቹ ወደ ሁለቱ ክፍሎች የሚገቡት በምርጫቸው ሳይሆን ቀኑ በጣላቸው ተራ ነበር። በ1846 በአንደኛው ክፍል ከወለዱት 100 እናቶች 11 የሚያህሉት በአራስ ትኩሳት ሲሞቱ፥ በሁለተኛው ክፍል የሞቱት ከመቶው 3 እንኳ አይሞሉም ነበር። ሕንጻው አንድ፥ ከተማው አንድ፥ የእናቶቹም ኑሮ አንድ ዓይነት ሲሆን የሞቱ ቍጥር ስለ ምን እንዲህ እንደ ተራራቀ የሚያስረዳ ጠፋ። አንዳንዱ ሊቅ አየሩ ተመርዟል አለ፤ አንዳንዱ ክፍሉ ስለ ተጨናነቀ ነው አለ፤ ካህኑ ለሚሞቱት ጸሎት ሊያደርስ ሲያልፍ የሚያሰማው የደወል ድምፅ እናቶቹን እያስደነገጠ ይገድላቸዋል እስከ ማለት የደረሰም ነበር።

ሊቃውንቱ ሲከራከሩ፥ እናቶቹ ግን አስቀድመው ያውቁ ነበር። ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለው የሀንጋሪ ተወላጅ ሐኪም እንደ ጻፈው፥ ተራቸው በአንደኛው ክፍል ላይ የወደቀ ሴቶች ተንበርክከው፥ እጃቸውን አጣምረው፥ ወደ ሁለተኛው ክፍል እንዲያሳልፉአቸው ይለምኑ ነበር። ሌሎቹም በዚያ ክፍል ከመግባት በመንገድ ላይ መውለድን ይመርጡ ነበር። ነገሩ የሚያስገርመው በመንገድ ላይ ወልደው፥ ልጃቸውን ታቅፈው ከመጡት መካከል በአራስ ትኩሳት የሚያዙት ጥቂቶች ሆነው መገኘታቸው ነው። እንግዲህ የበሽታውን መንገድ ሐኪሞቹ ገና ሳይደርሱበት፥ የትኛው በር ወደ ሞት እንደሚያደርስ ድኾቹ እናቶች ለይተው ነበር። ሆኖም የሴቶቹን ልመና እንደ ማስረጃ አድርጎ የመረመረው አንድ ሰው ብቻ ሆነ።

በ1847 የዜመልቫይስ ወዳጅ የነበረው ሐኪም ያኮብ ኮሌችካ አስከሬን በሚመረመርበት ጊዜ ጣቱ በቢላ ተወግቶ ታመመና ሞተ። ዜመልቫይስ የወዳጁን የሕመም ታሪክ ቢያነብ ከአራሶቹ ሕመም ጋር አንድ ሆኖ አገኘው። ከዚህም የሕክምና ተማሪዎቹ ከአስከሬን ክፍል ወጥተው ወደ ወላድ አልጋ ሲሄዱ በእጃቸው ሞትን ይዘው እንደሚሄዱ ተረዳ። አዋላጆቹ አስከሬን ስለማይነኩ ክፍላቸው የዳነው በዚህ ምክንያት ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ማንም ወላድን ከመንካቱ በፊት እጁን በክሎሪን ኖራ ውሃ እንዲታጠብ አዘዘ፤ በ1848 በአንደኛው ክፍል የሞቱት እናቶች ከመቶው ወደ አንድ ዝቅ አሉ። ይህን ያህል የታየ ነገር እንኳ ወዲያው ተቀባይ አላገኘም። የአለቆቹ ቅሬታ፥ የእርሱም የቍጣ ጠባይ ተጨምሮበት ከቪየና ወጣ፤ መጽሐፉን ያሳተመው በ1861 ነበር፤ በ1865 በ47 ዓመቱ በአእምሮ ሕሙማን ቤት ውስጥ ሞተ።

ከእርሱ ቀደም ብሎ የስኮትላንዱ ሐኪም አሌክሳንደር ጎርደን በአበርዲን ከተማ የደረሰውን የአራስ ትኩሳት ወረርሽኝ መርምሮ በ1795 ባሳተመው መጽሐፍ፥ በሽታውን ከቤት ወደ ቤት የሚያጓጉዙት አዋላጆችና ሐኪሞች መሆናቸውን፥ እርሱም ራሱ ከነዚህ አንዱ እንደ ነበረ ሳያፍር ጽፎአል። የከተማው ሕዝብ ስለዚህ ቅንነቱ አላመሰገነውም፤ ተጠልቶ ከተማይቱን ለቀቀ። በ1843 በአሜሪካ አገር ኦሊቨር ዌንዴል ሆምዝ ይህንኑ ቢጽፍ ታላላቆቹ የማዋለድ መምህራን ተነሡበት። በ1879 ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በፓሪስ የሕክምና ሊቃውንት ጉባኤ ላይ ተነሥቶ፥ ሰንሰለት የሚመስለውን ረቂቅ ሕዋስ በሰሌዳ ላይ ሥሎ እስካሳየ ድረስ ክርክሩ አልተዘጋም።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ልብ እንበል። የአራስን አደጋ የሚመለከተው ዕውቀት በመጀመሪያ የሐኪሙን እጅ የሚመለከት ሆነ፤ ቀጥሎ ወደ አዋላጂቱ ቦርሳ ተሻገረ። በእንግሊዝ አገር በ1902 የአዋላጆች ሕግ ከወጣ በኋላ የተቋቋመው የአዋላጆች ማዕከላዊ ቦርድ ባወጣው ደንብ፥ አዋላጂቱ ከወሊድ በኋላ ለ10 ቀን አራሲቱን የመጠበቅ፥ የሰውነቷን ሙቀትና የልቧን ትርታ የመለካት ግዴታ ነበረባት፤ ሐኪም የሚያስጠሩትም ምልክቶች ተዘርዝረው ተሰጥተዋት ነበር። እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ደንብ ሲጻፍ ደስ ይለናል፤ ይህ ደንብ ደግሞ በእውነት ብዙ ነፍስ ያዳነ መሆን አለበት። ሆኖም ሐኪሙ ተጠርቶ ቢመጣ የሚሰጠው መድኃኒት እምብዛም ስላልነበረው፥ በእንግሊዝ የእናቶች ሞት እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ ድረስ ከ1,000 ወሊድ 4 ወይም 5 እንደ ሆነ ቆየ። በ1936 ሌናርድ ኮልብሩክ በለንደን በኩዊን ሻርሎት ሆስፒታል ፕሮንቶሲል የተባለውን አዲስ መድኃኒት ለአራስ ትኩሳት ሕሙማን ሰጥቶ ውጤቱን ባሳወቀ ጊዜ ሞቱ እያሽቈለቈለ መሄድ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ፔኒሲሊን መጣ፤ ደም መለገስም ተስፋፋ።

እንግዲህ መድኃኒቱ ከተገኘ በኋላ ነበር የምልክት ትምህርት ሙሉ ዋጋ ያገኘው። መድኃኒት በሌለበት ዘመን ምልክትን ማወቅ ሐዘንን አስቀድሞ ማወቅ ብቻ ነበር። መድኃኒት ባለበት ዘመን ግን የሚገድለው የዘገየው ሰዓት ነው። ከዚህም ጋር ሌላ ለውጥ ተከተለ። እናቶች በሆስፒታል መውለድ በጀመሩ ጊዜ ለብዙ ቀን ተኝተው ይጠበቁ ነበር፤ ቈይቶ ግን የመቆያው ቀን እያጠረ፥ እናቲቱ በሁለተኛው ወይም በማግስቱ ቀን ወደ ቤቷ የምትሄድ ሆነች። ቀድሞ አዋላጂቱ ትጠብቀው የነበረውን 10 ቀን አሁን የሚጠብቀው ማን ነው? ጥበቃው ሳይነገራት በእናቲቱ ትከሻ ላይ ወደቀ። የምልክቱ ዝርዝር ግን በሆስፒታሉ ቀረ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ያለውን የአራስ ቤት ሥርዓት የሚያውቅ ሁሉ፥ አባቶቻችን ይህን ጊዜ የአደጋ ጊዜ መሆኑን አላወቁም ብሎ ሊናገር አይችልም። አራሲቱ በመጋረጃ ተከልላ ትተኛለች፤ ገንፎው፥ አጥሚቱ፥ የዶሮው ወጥ ይቀርብላታል፤ ከባድ ሥራ አትነካም። ከሁሉም በላይ አራስ ብቻዋን አትተውም፤ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ለአፍታ ቢወጣ እንኳ ከራስጌዋ ቢላ ወይም ሌላ ብረት ይቀመጥላታል። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ዘንድ ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ የእናቲቱ ኑሮ ከሌላው ጊዜ የተለየ ነው። ይህን ሥርዓት ኋላ ቀር ልማድ እያሉ በአንድ ቃል የሚያጣጥሉትን አንደግፍም። ዕረፍትን፥ ጥሩ ምግብንና ጠባቂን በአንድነት የሰጠ ሥርዓት ነው፤ ዛሬ በታላላቅ ከተሞች በጠባብ ክፍል ውስጥ ከልጇ ጋር ብቻዋን የምትውል አራስ ይህን ሁሉ አጥታለች።

ነገር ግን ጠባቂው የሚጠብቀው ከምንድን ነው? ችግሩ ያለው በዚህ ላይ ነው። ብረቱ የተቀመጠው ከክፉ መንፈስ ሊጠብቃት ነው፤ መጋረጃው ከዓይንና ከብርድ ሊከልላት ነው። ስለዚህም አራሲቱ ትኩሳት ሲይዛት ምች መታት ይባልና ዳማከሴ ይታሽላታል። ራሷን አሟት፥ ዓይኗ ፈዝዞ፥ ሰውነቷ ሲንዘፈዘፍ ልክፍት ነው ተብሎ ወደ ጠበል ወይም ወደ አዋቂ ቤት ይታሰባል። ደሙ ሲበዛባት ደግሞ፥ የቆሸሸው ደም ይውጣላት፥ ይህ ለጤናዋ ነው ተብሎ ይታለፋል፤ ይህ የመጨረሻው አስተሳሰብ በኛ አገር ብቻ ሳይሆን በብዙ የእስያና የአፍሪካ አገሮች የሚገኝ ነው። ምልክቱ ሳይታይ አልቀረም። ታይቶአል፤ ስምም ተሰጥቶታል። ስሙ ግን ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደውን መንገድ አያሳይም። ስለዚህ አራስን ማስተማር ማለት በባዶ ዕቃ ላይ ውሃ እንደ መቅዳት ያለ ነገር አይደለም፤ ቀድሞ የተሰጠ ስም ስላለ በዚያ ስም ላይ አዲስ ትርጓሜ መጨመር ነው። «ምች ነው» የሚሉትን አማት «አላዋቂ» ብሎ የሚሳደብ አስተማሪ ደግሞ በሩ ይዘጋበታል። «እማማ፥ ምች ካሉት ይሁን፤ ነገር ግን በአራስ ላይ የመጣ ምች በሐኪም እጅ ነው የሚታየው» ብሎ የሚናገር ግን ይሰማል። ጠበል የሚጠጡትንም ወደ ሐኪሙ ከመሄድ ጋር ሁለቱንም ለማድረግ የሚከለክላቸው ነገር የለም፤ የሚከለከለው መዘግየት ነው።

መዘግየቱ ስንት እንደሚፈቀድ የሕክምና ሊቃውንት በግምት ቈጥረውታል። ከወሊድ በኋላ ደም ያለ ልክ የሚፈስሳት እናት ሳትታከም የምትቆየው በአማካይ 2 ሰዓት ያህል ነው። ከደም ግፊት የሚመጣው መንዘፍዘፍ 2 ቀን ያህል፥ የማኅፀን መመረዝ ደግሞ 6 ቀን ያህል ይሰጣል። ባል ከገበያ እስኪመለስ ለመጠበቅ፥ ሽማግሌዎች እስኪመክሩ ለመታገሥ፥ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ሕመም ምናልባት ጊዜ ይገኝ ይሆናል፤ ለመጀመሪያው ግን ከቶ አይገኝም።

አንዲት እናት ልታውቃቸው የሚገባት ምልክቶች እነዚህ ናቸው። በአንድ ሰዓት ውስጥ የታጠቀችው ወፍራም ጨርቅ በደም የሚርስ ከሆነ፥ ወይም ትልልቅ የረጋ ደም ከወጣ፥ ወይም ስትነሣ ዓይኗ የሚጨልምባት ከሆነ ደሙ ከልክ አልፎአል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፥ ከሆድ በታች የሚሰማ ሕመም፥ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ የማኅፀን መመረዝን ያመለክታሉ። በቀላሉ የማይለቅ ብርቱ የራስ ምታት፥ የዓይን መፍዘዝ፥ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት የደም ግፊት ምልክቶች ናቸው፤ በእርግዝናዋ ጊዜ ምንም ግፊት ያልነበረባትን እናት እንኳ ከወሊድ በኋላ ሊይዛት እንደሚችል ብዙ ሰው አያውቅም። የአንድ እግር ባት ብቻ ቢያብጥና ቢያምም፥ ወይም ድንገት ትንፋሽ ቢያጥርና ደረት ቢወጋ፥ የረጋ ደም ወደ ሳንባ እንዳልሄደ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሽንት ያለ ፈቃድ የሚፈስሳት እናት በነውር ምክንያት ልትሸሽገው አይገባትም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች ውስጥ ወደ ሕክምና ብትደርስ ያለ ቀዶ ጥገና እንኳ ሊድን የሚችል ጊዜ አለ። ደግሞም ኀዘን የማይለቃት፥ እንቅልፍ የሚያጣት፥ ልጇን ወይም ራሷን የመጕዳት ሐሳብ የሚመጣባት እናት ታማለች እንጂ ከፍታ አይደለም። ይህ የመጨረሻው በአገራችን ከሁሉ ይልቅ የሚሸሸገው ነው።

ዕውቀት ብቻውን እንደማይበቃ የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ በአገራችን አለ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው በነርስነት የተመረቁ ነበሩ። በነሐሴ 1934 ዓ. ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር፥ ከትዳራቸው ጥቂት ወራት በኋላ፥ በለቀምት ሳሉ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። በመታሰቢያቸው የተሠራው ሆስፒታል በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ በኋላ ዘመን የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሆነው ይኸው ነው። የንጉሠ ነገሥት ልጅ፥ ያውም ነርስ፥ ከዋና ከተማው ርቃ ከሆነች የምትደርስላት እርዳታ ይህን ያህል የራቀች ከነበረች፥ በዚያ ዘመን የአንዲት የገጠር ገበሬ ሚስት ዕድል ምን እንደ ነበረ ለመገመት አያዳግትም።

በ1954 በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን፥ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድነት የሚያሠለጥን ነበር። በእኛ አስተያየት ከዚህ ትምህርት ቤት ሐሳቦች ሁሉ ለአራሶች የሚጠቅመው ነርሲቱ በሆስፒታል በር ላይ ሕመምተኛ ከመጠበቅ ይልቅ ወደ መንደር እንድትወጣ ማድረጉ ነው። በ1959 ደግሞ ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሃምሊን የአዋላጆች ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። በረዥም ምጥ የተጐዱ፥ ሽንታቸውን መቈጣጠር ያቃታቸው ሴቶች ከሩቅ አገር እየተጓዙ ቢመጡባቸው ዕድሜያቸውን ለእነርሱ ሰጡ፤ የፊስቱላ ሆስፒታላቸው በ1974 ተቋቋመ፤ የአዋላጆቹ ኮሌጅ ደግሞ በ2007 ተከፈተ።

የሆነ ሆኖ በነዚህ ሁሉ ዘመናት የትምህርቱ አቅጣጫ ከላይ ወደ ታች ነበር። አንዱ ይናገራል፥ ብዙዎች ያዳምጣሉ፥ ከዚያም ይበተናሉ። ይህ መንገድ እንደማይበቃ በግልጥ የታየው በኔፓል አገር ነው። በመክዋንፑር አውራጃ ከ2001 ጀምሮ የመንደር ሴቶች በወር አንድ ጊዜ እንዲሰበሰቡ ተደረገ። ሰብሳቢያቸው ሐኪም ወይም ነርስ ሳትሆን ከዚያው አካባቢ የተመረጠች፥ ማንበብና መጻፍ የምታውቅ ሴት ነበረች። ሴቶቹ በሥዕል ካርድ እየተጫወቱ፥ በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ በመንደራቸው ስለሚደርሰው መከራ ይነጋገሩ፥ መፍትሔውንም ራሳቸው ይመርጡ ነበር። አንዳንዱ መንደር የገንዘብ ማጠራቀሚያ፥ አንዳንዱም የሕመምተኛ መሸከሚያ አዘጋጀ። በ2004 ማናንዳርና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት እንደ ተገለጠው፥ ይህ ጉባኤ በተደረገባቸው መንደሮች የጨቅላ ሕፃናት ሞት ጉባኤው ካልተደረገባቸው በ30 ከመቶ አነሰ፤ የእናቶቹም ሞት አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። አዲስ መድኃኒት አልመጣም፤ የመጣው የሴቶች ወግ ነው። በአገራችን ቡና ተፈልቶ የሚደረገውን ጨዋታ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይመስለውም።

በዚያው ዘመን አካባቢ በደቡብ ኢትዮጵያ በሊበን ወረዳ፥ የአሜሪካ ነርስ አዋላጆች ኮሌጅ ያዘጋጀው፥ ነፍስ አድን ዘዴን በቤት ውስጥ የሚያስተምር ፕሮግራም ተሞክሮ ነበር። በዚህም ትምህርት ለአራሷ ብቻ ሳይሆን ለቤተ ሰቧና ለልምድ አዋላጆች ጭምር በሥዕል ካርድ ይሰጥ ነበር፤ ደም ሲበዛ ምን እንደሚደረግ፥ ወዴት እንደሚኬድ በተግባር ይለማመዱ ነበር። ለምሳሌ ሆዷን ከእምብርቷ በታች በእጅ ማሸት፥ ሽንቷን እንድትሸና ማድረግ፥ ሕፃኑን ጡት ማጥባት፥ በመንገድ ላይ ሳሉ እንኳ ማኅፀን እንዲኰማተር የሚረዱ ናቸው። በኋላም በአማራና በኦሮሚያ ስድስት የገጠር ወረዳዎች የቤተ ሰብ ጉባኤ በማድረግ ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቶአል።

በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን ለአንድ ዓመት አሠልጥኖ ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሁለት መደበ፤ ቍጥራቸውም ከ30,000 በላይ ሆነ። እኒህ ሴቶች ከቤት ወደ ቤት የሚዞሩ፥ ደመወዝተኞች የሆኑና የመንደሩን ሰው በስም የሚያውቁ ናቸው። የሕዝብና የጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት በ2000 ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2016 ወደ 412 ወረደ። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን በዚያው በ2016 ከወሊድ በኋላ በነበሩት ሁለት ቀኖች ውስጥ የጤና ባለሙያ ያያቸው እናቶች ከ100 17 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ደግሞ ወደ 34 ከፍ ብሎ ሲገኝ፥ በጤና ተቋም የወለዱት ግን 48 ደርሰው ነበር። ይህም ማለት በጤና ተቋም ከወለዱት እንኳ ብዙዎቹ ሳይታዩ ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እናቲቱ ከወለደች በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት በተቋሙ እንድትቆይ፥ ከዚያም በኋላ በስድስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ እንድትታይ ይመክራል። አልጋ ባነሰበትና መጓጓዣው በተዘጋጀበት ሰዓት፥ ቤት የቀሩት ልጆች በሚያለቅሱበት ሰዓት 24 ሰዓት ረዥም ነው።

ስለዚህ በመውጫዋ በር ላይ ለአራሲቱ የሚነገራት ነገር ታላቅ ዋጋ አለው። ሲነገራት ግን በምን ሁኔታ ላይ ናት? ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም፤ ሰውነቷ ደክሟል፤ ዓይኗ ከሕፃኑ ላይ ነው። በዚህ ሰዓት ደርዘን ምልክት በአንድ ትንፋሽ ቢነበብላት በማግስቱ አንዱንም አታስታውስም። በዚህ ረገድ የሚሻለውን መንገድ ልምድ አሳይቶአል። ትምህርቱ በእርግዝናዋ ወራት ይጀመር፤ ባሏና እናቷ ወይም አማቷ በተገኙበት ይደገም፤ ከሁሉም በላይ ነርሲቱ «ገብቶሻል?» ብላ እንዳትጠይቅ። ይህ ጥያቄ በኛ ትሕትና «አዎ» ከማለት ሌላ መልስ የለውም። «ወደ ቤት ስትሄጂ ደሙ ቢበዛብሽ ምን ታደርጊያለሽ፥ እስቲ ንገሪኝ» ማለት ግን እናቲቱ በራሷ ቃል እንድትመልስ ያደርጋታል፤ ስሕተቱም እዚያው ይታረማል።

ይህም ሁሉ ሆኖ ሰሚ ከሌለ ምልክቱን ማወቅ ከንቱ ሊሆን ይችላል። በ2017 ስመ ጥር የሆነችው አሜሪካዊቷ የቴኒስ ተጫዋች ሴሬና ዊልያምስ በቀዶ ጥገና ከተገላገለች በማግስቱ ትንፋሽ አጠራት። ቀድሞ ደም በሳንባዋ ረግቶባት ስለሚያውቅ ምን እንደ ሆነ ወዲያው ተረዳች፤ የሚያስፈልጋትንም ምርመራና መድኃኒት በስሙ ጠርታ ለነርሲቱ ነገረቻት። ነርሲቱ ግን የሕመም ማስታገሻው ግራ ያጋባት መሰላት። በመጀመሪያ እግሮቿን መረመሩ፤ ምንም አልተገኘም። በመጨረሻ ሳንባዋን በሲቲ ስካን ቢያዩት እርሷ እንዳለችው ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ገንዘብና ስም ያላት ሴት ለመሰማት ይህን ያህል ከተከራከረች፥ ጤና ጣቢያ ስትገባ ነጠላዋን አጣፍታ ቃሏን በሹክሹክታ የምታሰማ እናት ማን ይሰማታል? ስለዚህ በአገራችን ጤና ጣቢያዎች ባለሙያው የሚማረው ትምህርትም አለ፤ ይኸውም አራስ «ዛሬ ሌላ ነገር ይሰማኛል» ስትል ተነሥቶ መመርመር ነው።

ሌላው የሚቀረው ጉዳይ የመንገዱ ነው። በብዙ የገጠር ቀበሌዎቻችን ሕመምተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ ጥርጊያ መንገድ ድረስ የሚያደርስ ማኅበር አለ፤ ከዚያ ወዲያ የወረዳው አምቡላንስ ይቀበላል። ማኅበሩ ምጥ ሲያስቸግር መነሣት ለምዶአል። ልጁ ከተወለደ በኋላ በአራተኛው ቀን በትኩሳት ለተያዘች አራስ ግን እንደዚያው ፈጥኖ መነሣቱ ገና በብዙ ቦታ አልተለመደም። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዪቱ እርጉዟን በምትጐበኝበት ጊዜ፥ ቃሬዛውን የሚይዙት አራት ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ፥ የአምቡላንሱ ስልክ በማን እጅ እንዳለ፥ በቤት የሚቀሩትን ልጆች ማን እንደሚይዝ፥ ባል በሌለበት «ትሂድ» ብሎ የሚፈቅድ ማን እንደሆነ አስቀድማ ትጠይቅ፤ የአራቱንም ሰዎች ስም በመዝገቧ ላይ ከእናቲቱ ስም አጠገብ ትጻፍ።